ስልኩ ልጁ እጅ ከመግባቱ በፊት፦ በቤት ውስጥ ሕፃናትን ከኢንተርኔት አደጋ የመጠበቅ አሠራር

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ወልዲያ፣ ቡና ሲፈላ ልጁ እንዳያስቸግር ስልክ ይሰጠዋል። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ጨዋታው ደርቷል፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ልጅ ምን እያየ እንደሆነ ልብ የሚል የለም። በእጁ ያለው ደግሞ የልጅ ስልክ አይደለም። የአባቱ ወይም የእናቱ ነው፤ ቴሌግራሙም፣ ቴሌብሩም፣ ቲክቶኩም፣ የፎቶ ማኅደሩም እንደተከፈተ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከልጁ ሳይሆን ከአዋቂው ስልክ ነው። ከታች ያለው አሠራር ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አብዛኛው ቤት የሚገኙትን የአንድሮይድ ስልኮች፣ ማለትም ቴክኖን፣ ኢንፊኒክስንና ሳምሰንግን ታሳቢ ያደርጋል። የሜኑ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ። የተባለውን ካጡት ሴቲንግ ከፍተው ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ስሙን ይጻፉት፤ ያመጣልዎታል። ሁሉንም ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ልጁ በሌለበት ይሥሩት፤ አጠገብዎ ቆሞ ካየ ቁልፉን አብሮ ይማራል።

ጊዜ ለሌለው ሰው፦ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው

ሌላውን ሁሉ ለነገ ቢያሳድሩት እንኳ ይህን ዛሬ ያድርጉ። ስልኩ በአንድ መተግበሪያ ላይ እንዲቆም፣ ልጁም ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላ እንዳይገባ የሚያደርግ ነው።

1. ሴቲንግ ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ይክፈቱና «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚለውን ያብሩ። ሳምሰንግ ላይ «ፒን አፕ» ተብሎ ከሌሎች የደኅንነት ምርጫዎች ጋር ይገኛል።
2. እዚያው ላይ ከፒን ለመውጣት የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ካልበራ ልጁ ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።
3. ልጁ እንዲያየው የፈለጉትን መተግበሪያ ይክፈቱ።
4. በቅርብ የተከፈቱትን የሚያሳየውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከመተግበሪያው ምስል በላይ ያለችውን ትንሿን ምልክት ነክተው «ፒን» ይበሉ።
5. ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ለመውጣት ይሞክሩ። «ባክ» እና «ሪሰንት» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ይቆዩ፤ ቁልፍ የሌለው ስልክ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ጠርገው ይያዙት። የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀዎት ሠርቷል።

ይህ የሚዘጋው በሩን ብቻ ነው። ፒን የተደረገው ዩቲዩብ ከሆነ ልጁ ከዩቲዩብ አይወጣም፤ ዩቲዩብ ውስጥ ግን የፈለገው ጋ ይሄዳል። ፒን ማድረግ በጣም የሚጠቅመው ለሥዕል መሳያ፣ ለፊደል መማሪያና ኢንተርኔት ለማይፈልጉ ጨዋታዎች ነው። ለእነዚህ ደግሞ ዳታውን ወይም ዋይፋዩን አጥፍተው ይስጡ። በነፃ ጨዋታዎች መሐል ብቅ የሚሉት ማስታወቂያዎች የሚመጡት ከኢንተርኔት ስለሆነ፣ መስመሩ ሲዘጋ አብረው ይጠፋሉ። ያለ ኢንተርኔት አልከፍትም የሚል ጨዋታ ካጋጠመዎት ያጥፉትና ሌላ ይፈልጉ።

የአዋቂውን ስልክ ማጽዳት

በመጀመሪያ የጉግል አካውንትዎ የማን እንደሆነ ያረጋግጡ። ብዙዎቻችን ስልክ የገዛን ዕለት ጂሜል የከፈተልን የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን አናውቀውም፣ እሱ ግን ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መቆለፊያ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ አካውንት ላይ ነው። ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ጉግል»፣ ቀጥሎ አካውንት ማስተዳደሪያው ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» ጋ ገብተው የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። የድሮውን ካላወቁት «ረሳሁ» የሚለውን ይጫኑ፤ ኮድ በአጭር መልእክት ይመጣል። ኮዱ የሚሄደው ወደማያውቁት ቁጥር ከሆነ አካውንቱን ለማስመለስ ቀን አይፍጁ፣ በራስዎ ስልክ ቁጥር አዲስ ይክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጽፈው ከቤት ካርታው ጋር ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የስክሪኑን ቁልፍ። ፓተርን የሚጠቀሙ ከሆነ ስልኩን አጥፍተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ያድርጉት፤ ጣትዎ የሄደበት መስመር ቅባቱ ላይ ተሥሎ ያዩታል። ልጅ ይህን ከእርስዎ በፊት አይቶታል። ስለዚህ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ያድርጉት፤ የልደት ዓመት ወይም ተከታታይ ቁጥር አይሁን። የጣት አሻራም ቢሆን እንቅልፍ ላይ ያለን አባት ጣት ይዞ ከመክፈት አያግድም። በተለይ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች በአሻራ የሚከፈቱ ከሆነ ያንን ያጥፉት።

ከዚያ መተግበሪያዎቹን አንድ በአንድ ይቆልፉ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ «አፕ ሎክ» ብለው ከፈለጉ ይገኛል። ቴሌብርን፣ የባንክ መተግበሪያውን፣ ቴሌግራምን፣ ቲክቶክን፣ ፌስቡክን፣ ፕሌይ ስቶርንና የፎቶ ማኅደሩን ያስገቡበት። የስክሪኑ ቁጥርና የዚህ ቁጥር ይለያዩ፤ ልጁ ስክሪኑን መክፈት ቢችልም እዚህ ጋ እንዲቆም ነው። የእርስዎ ስልክ አፕ ሎክ ከሌለው ቢያንስ ቴሌግራም የራሱ ቁልፍ አለው፦ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ፓስኮድ ሎክ»።

ቴሌግራም ላይ ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ በራሱ የሚያወርደውን ለሞባይል ዳታውም ለዋይፋዩም ያጥፉ፤ ወደ ጋለሪ የሚያስቀምጠውንም እንዲሁ። ይህ ካልጠፋ በትልልቅ ግሩፖች የሚለቀቅ ምስልና ቪዲዮ እርስዎ ሳያዩት ስልክዎ ላይ ይወርዳል። ልጅዎ የእርሶን ፎቶ ለማየት ጋለሪ ሲከፍት፣ ከሠርግ ፎቶው ቀጥሎ የሚያገኘው የአደጋ ወይም የግድያ ምስል ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ዘግናኝ ነገር ከሚያዩባቸው መንገዶች ይህ አንዱ ነው፤ በቀላሉም ይዘጋል።

ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ምስሉን ነክተው፣ ሴቲንግ፣ «ፋሚሊ»፣ «ፓረንታል ኮንትሮልስ» ብለው ያብሩ። ቁጥር ያስገቡና የዕድሜ ደረጃውን 3+ ወይም 7+ ላይ ያድርጉት። ይህ አዲስ የሚጫነውን ብቻ ይገድባል፤ ቀድሞ ስልኩ ላይ የተጫነውን አያጠፋም።

ካርድ የሚበሉት የአጭር ቁጥር አገልግሎቶችስ? ልጁ የመጣን መልእክት ከፍቶ ለመስማማት የሚያስችለውን ቁልፍ ነክቶ ይሆናል። ሒሳብዎ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚቀንስ ከሆነ ከአጭር ቁጥር የመጡ መልእክቶችን ይፈትሹና፣ መልእክቱን ወደላከው አጭር ቁጥር «ስቶፕ» (STOP) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይመልሱ።

ከዓረብ አገር የተላከ ስልክ

አክስት ከጅዳ ወይም ከዱባይ ስልክ ትልካለች፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን ስልክ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ስልኩ የአክስቲቱን አካውንት፣ የእሷን የዩቲዩብ ታሪክና ኢሞ ይዞ ይመጣል። ልጁ ከመንካቱ በፊት ሙሉ በሙሉ መደምሰስ አለበት፤ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ጋ ገብተው ያለውን የጉግል አካውንት ያስወጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ «ፋክተሪ ሪሴት» ያድርጉ። ቅድሚያ ሪሴት ካደረጉት ስልኩ ሲነሳ የድሮውን አካውንት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ አክስትም ከረሳችው ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል። ይህ ስልኩ ቢሰረቅ ሌባው እንዳይጠቀምበት የተሠራ ጥበቃ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ለልጁ የሚሰጠው ስልክ ሲም ካርድ አያስፈልገውም። ያለ ሲም ያስቀምጡትና ኢንተርኔት በሚያስፈልግ ጊዜ ከእርስዎ ስልክ ሆትስፖት ከፍተው ይስጡት። ከዚህ የተሻለ፣ ከዚህም የረከሰ መቆጣጠሪያ አናውቅም። ሆትስፖቱን ሲያጠፉት የልጁ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ክርክር የለም። ቁጥር ስለሌለው በስውር ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ መክፈት ይከብደዋል፤ የማያውቁት ሰው አይደውልም፤ ካርድ የሚቆርጥ መልእክትም አይመጣም።

የልጅ አካውንት መክፈት፣ ሁለቱ የአገራችን ወጥመዶች

ልጁ የራሱ ስልክ ወይም ታብሌት ካለው በጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» ያስተዳድሩት። በነፃ ነው። በእርስዎ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክን ከፕሌይ ስቶር ያውርዱ፣ ለልጁ አካውንት ይክፈቱ፣ ከዚያ በልጁ ስልክ ላይ በዚያው አካውንት ይግቡ። በልጁ ስልክ ላይ ሌላ የጉግል አካውንት መኖር የለበትም። አሠራሩ ራሱ ደረጃ በደረጃ ይመራዎታል። የሚያሳስተው ግን የትም ያልተጻፈው የእኛ የዘመን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ የልደት ቀኑ ነው። ጉግል የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥር 10 ቀን 2010 የተወለደች ልጅ ለጉግል ጃንዋሪ 18 ቀን 2018 ነው የተወለደችው። ክትባት ካርዱ ላይ ያለውን 2010 እንዳለ ካስገቡት ስምንት ዓመት ያስረጇታል፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በጉግል ዘንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ትሆናለች። ያኔ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚደረገው ጥበቃ አይመጣም። የተሳሳቱ መሆንዎን የሚያውቁበት ምልክት፣ አካውንቱ የወላጅ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲሁ ማለፉ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ለተወለደ 7 ይደምሩ፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ይደምሩ። ታኅሣሥ 22 ላይ ከሆነ መቀየሪያ ይጠቀሙ። ቀድሞ የተሳሳተ ካለ፣ ገና ምንም ስላልተጠቀሙበት ያን ትተው አዲስ መክፈት ይቀላል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። «ዳውንታይም» የሚባለው ስልኩ ማታ ተዘግቶ ጠዋት የሚከፈትበት ነው። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋ ካሉ መሙላት ያለብዎት 8፡00 ፒኤም እና 7፡00 ኤኤም ነው። 2፡00 ብለው ከሞሉት ስልኩ ከቀኑ 8 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይዘጋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስልኩ አልሠራም ካለ፣ ወይም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም እየሠራ ካገኙት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ አዲስ መተግበሪያ ለመጫን የእርስዎ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያድርጉ። «ክሮም» ላይ እርስዎ የፈቀዷቸው ድረ ገጾች ብቻ እንዲከፈቱ የሚለውን ይምረጡ፤ ለዚህ ዕድሜ አምስት ስድስት ገጽ በቂ ነው። ጉግል ላይ ሲፈለግ የብልግና ውጤቶችን የሚደብቀው «ሴፍ ሰርች» እንደበራ ይሁን። አዲስ ያስገቡት ለውጥ ልጁ ስልክ ላይ የሚደርሰው ሁለቱም ስልኮች ኢንተርኔት ሲያገኙ ስለሆነ፣ ፓኬጅ ባለቀበት ቀን ያስተካከሉት ነገር ወዲያው ካልሠራ አይደነቁ።

ዩቲዩብ

ልጆች ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፉት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለው ይሥሩት።

የፕሮፋይል ምስሉን ነክተው ሴቲንግ፣ ከዚያ «ጄኔራል» ውስጥ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚለውን ያብሩ። ለአዋቂ የተባሉትን ቪዲዮዎች በአብዛኛው ይደብቃል፣ አስተያየቶችንም አያሳይም። ይህ ቅንብር ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው አይሄድም። በእናት ስልክ፣ በአባት ስልክ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ለየብቻ መብራት አለበት። ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በዚህ ማጣሪያ ላይ ብቻ አይተማመኑ። የቪዲዮውን ርዕስ፣ መግለጫና የዕድሜ ምልክት አይቶ ነው የሚለየው። ርዕሱ በአማርኛ ተጽፎ፣ ይዘቱ ስድብና ብልግና የሆነ ቪዲዮ ያልፋል ብለው ይነሱ። «ለልጆች» የሚል ርዕስ ተለጥፎበት የካርቱን ገጸ ባሕርያት ሲተራረዱ የሚያሳይም አለ። ለዚህ መድኃኒቱ ልጁ ራሱ እንዳይፈልግና ዩቲዩቡ ራሱ እንዳይመርጥለት ማድረግ ነው፦

• በራሱ ተከታዩን የሚያጫውተውን «አውቶፕሌይ» ያጥፉ። መንዙማ ወይም መዝሙር ከፍተው የሰጡት ልጅ ከጥቂት ቪዲዮ በኋላ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።
• የተጠራቀመውን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ይደምስሱ። ቀጣዩ ቪዲዮ የሚመረጠው ከዚህ በፊት ከታየው ተነስቶ ነው። አባት ሌሊት ያየው ነገር ጠዋት ለልጁ የሚቀርበው ለዚህ ነው።
• ራስዎ እስከ መጨረሻው ያዩትን አሥር አሥራ አምስት ቪዲዮ በአንድ ፕሌይሊስት ያኑሩ፤ ልጁ የሚያየው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ አይቶ ማጽደቅ አይበቃም።
• አንድ መጥፎ ነገር ካገኙ ቪዲዮውን ብቻ ሳይሆን ቻናሉን እንዳያመጣ ሦስቷን ነጥብ ነክተው ያዝዙት።

ዳታ ለመቆጠብ ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪ ላይ ካርቱን ማስጫንም የተለመደ ነው። የሚጫነው በጅምላ ተገልብጦ ስለሆነ ከካርቱኑ ጋር ሌላም ይመጣል። ሚሞሪውን ለልጁ ከመስጠትዎ በፊት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ ስሙ ካርቱን የሚመስለውንም ጭምር።

ኢሞ፣ ዋትስአፕ፣ ቲክቶክ

እናቷ ሳዑዲ ያለች ልጅ ከእናቷ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። ይህንን መከልከል ልጅንና እናትን መለያየት ስለሆነ መፍትሔ አይሆንም። ጥሪው በአዋቂ ስልክ ይምጣ፣ አዋቂው ያንሳ፣ እናትየው መሆኗን አይቶ ለልጅቱ ይስጥ፤ ሲጨርሱም ስልኩን ይቀበል። ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ አልቆ መተግበሪያው ክፍት ሲቀር ነው፤ ኢሞ ውስጥ ከማይታወቅ ሰው የጓደኝነት ጥያቄና ጥሪ ይመጣል። ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ» ውስጥ ገብተው የማይታወቁ ደዋዮችን ድምፅ የሚዘጋውን ያብሩ። የፕሮፋይል ፎቶ የሚያየውንና ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባውን ሰው «ማይ ኮንታክትስ» ላይ ያድርጉ። የልጅ ፎቶ ፕሮፋይል ላይ አይቀመጥ፤ በተለይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣው፣ ልጁ በየቀኑ የት እንደሚውል ስለሚናገር።

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በራሱ በድርጅቱ ሕግ አልተፈቀደም። የልጁን ዕድሜ ዋሽቶ መክፈት ጥበቃውን በገዛ እጅ ማንሳት ነው። የአዋቂው ቲክቶክ ላይ ደግሞ የላይቭ ስድድብና ጭቅጭቅ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ልጅ አጠገብዎ ተኝቶ ከሆነ የሚያየው ባይኖርም የሚሰማው አለ።

ከሌሎች ጋር በድምፅ እየተነጋገሩ የሚጫወቷቸው የተኩስ ጨዋታዎች ለዚህ ዕድሜ አይደሉም። ታላቅ ወንድም የሚጫወት ከሆነ ማይኩንና ድምፁን ዘግቶ፣ ታናሹ በሌለበት ይጫወት።

የስልኩና የዋይፋዩ ማጣሪያ

የብልግና ድረ ገጾችን ከምንጩ የሚዘጋ ነፃ አገልግሎት አለ። ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ለቤተሰብ ያዘጋጀው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይሠራል።

አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ላይ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ይክፈቱ። ስም እንዲያስገቡ የሚጠይቀውን ሦስተኛውን ምርጫ ይዘው ይህንን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ክፍተት ሳያስገቡ ይጻፉ፦ ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም (family.cloudflare-dns.com)። በዋይፋይም በሞባይል ዳታም ይሠራል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ግን ስልኩ ኢንተርኔት ጨርሶ እምቢ ይላል፤ ያኔ ወደ «አውቶማቲክ» መልሰው እንደገና ይጻፉት።

ቤትዎ የመስመር ዋይፋይ ካለ በሞደሙ ላይ አንድ ጊዜ መሥራት ቴሌቪዥኑንም ይጨምራል፦

1. ሞደሙን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ ያንሱ። የመግቢያ አድራሻው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ ስሙና የይለፍ ቃሉ እዚያ ተጽፈዋል።
2. ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኙ አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፈው ይግቡ።
3. «ላን» ወይም «ዲኤችሲፒ» በሚለው ገጽ ላይ የዲኤንኤስ ቦታዎቹን ይፈልጉ። ከመቀየርዎ በፊት ገጹን ፎቶ ያንሱ፤ ቢበላሽ መመለሻዎ እሱ ነው።
4. በመጀመሪያው 1.1.1.3፣ በሁለተኛው 1.0.0.3 ያስገቡ። ሁለተኛውን ባዶ ወይም የድሮውን አይተዉት፤ ማጣሪያው በዚያ በኩል ይፈስሳል።
5. አስቀምጠው ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።
6. የዋይፋዩን የይለፍ ቃልና የሞደሙን መግቢያ ቃል ሁለቱንም ይቀይሩ። በግቢው ያሉት ተከራዮችና የጎረቤት ልጆች የያዙት የድሮው ቃል በዚህ ያበቃል።

አንዳንድ ሞደሞች የዲኤንኤሱን ቦታ አይከፍቱም። ያኔ አይታገሉ፣ በየስልኩ ላይ የላይኛውን መንገድ ይጠቀሙ።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፤ ቪፒኤን፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በሌላ መስመር አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት ተዘግተው በነበረ ጊዜ ሰው ሁሉ ቪፒኤን ጭኖ ነበር፤ ብዙ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ቪፒኤን ሲበራ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል፣ ነፃዎቹም ለልጅ የማይሆን ማስታወቂያ ያመጣሉ። ልጅ ከሚነካው ስልክ ላይ ያጥፉት።

ቦታውና ሰዓቱ

ስልኩ የሚታየው ሳሎን ነው፣ ጓዳ ወይም መኝታ ቤት አይደለም። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ከተቀመጠ ስክሪኑ ለእርስዎ አይታይም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ እርስዎ አድርገው ያስቀምጡት። የጆሮ ማዳመጫ አይስጡት፤ ቡና እያፈሉ የሚጠብቁት በጆሮዎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል ይላል። ሰዓት የማያነብ ልጅ «ሠላሳ ደቂቃ» ቢሉት አይገባውም፤ «ቶና ሲቀዳ ትመልሳለህ» ቢሉት ግን ራሱ ጀበናዋን ይጠብቃል። አቦል ላይ ሰጥቶ ቶና ላይ መቀበል ልጅ የማይከራከርበት መለኪያ ነው።

የእንግዳ ስልክ ሌላ ቀዳዳ ነው፤ ከላይ የሠሩት አንዱም እሱ ላይ የለም። አጎት ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ሲሰጥ ዝም አይበሉ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ስልክዎን አይስጡት፤ የሱ የምናሳየው ለብቻው አለ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። አያቱ ዘንድ የሚውል ከሆነ ደግሞ አደራውን ቀላል ያድርጉት፦ «እማማ፣ ቢያለቅስም የሰው ስልክ እንዳይሰጡብኝ፤ ይቺኛዋን ብቻ፣ እሷንም ከአጠገብዎ።»

ለልጁ የሚነገረው

አጭርና በእጅ የሚሠራ ይሁን። ለአራት ዓመት ልጅ፦ «የሚያስፈራ ነገር ከመጣ ስልኩን ገልብጠህ መደቡ ላይ አስቀምጠውና ጥራኝ።» ቃሉን ከመንገር ይልቅ ያለማምዱት፤ እንደ ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ «መጣ!» እያሉ ያስገልብጡት። ፈርቶ የደነገጠ ልጅ ቁልፍ አይፈልግም፤ እጁ የለመደውን ያደርጋል።

ትንሽ ከፍ ላለችው፦ ስምሽን፣ ትምህርት ቤትሽን፣ ሠፈርሽን የሚጠይቅሽ ካለ አትመልሺ፤ ፎቶ ላኪልኝ ካለሽ ንገሪኝ፤ «ለእማ እንዳትነግሪ» ካለሽ ያኔውኑ ሮጠሽ ንገሪኝ። ሽልማት ደርሷችኋል ብሎ የመጣውን ቁጥር ንገሩኝ የሚል ደዋይም አለ። ያ ቁጥር የቴሌብር ወይም የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው፤ ልጅ ደግሞ አንብብልኝ ሲባል ማንበብ ስለሚወድ ያነበዋል። ኮድ ለማንም እንደማይነበብ በግልጽ ይንገሯት።

ልጁ ጠርቶ ሲያሳይዎት የመጀመሪያዋ ቃል ወሳኝ ናት። «ማን ክፈት አለህ!» ካሉት ሁለተኛ አይጠራዎትም። «አብሽር ልጄ፣ ስለጠራኸኝ ጎበዝ» ብለው ስልኩን ቀስ አድርገው ይቀበሉት። ለዚያ ቀን ስልኩን ቢያነሱትም «ለቅጣት» እንዳልሆነ ይንገሩት፤ የተናገረ ልጅ ስልክ የሚነጠቅ ከሆነ ቀጣዩን ይደብቃል።

ሰው ልጁን ካገኘው

የማይታወቅም ይሁን የሚታወቅ ሰው ለልጅ የብልግና ቃል፣ ምስል ወይም ማስፈራሪያ ልኮ ካገኙ ንዴትዎን ይዋጡና እንዲህ ያድርጉ። መልእክቱን አያጥፉ፣ መልስም አይስጡ። ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ስለሚችል ወዲያውኑ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ያንሱ፤ የሰውየው ስም፣ ቁጥሩ ወይም መጠሪያው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ምስሉ የልጁ ዕርቃን ከሆነ ግን ፎቶ አያንሱት፣ ለማንም አይላኩት፣ ለምክር ብለው ለዘመድ እንኳ። ስልኩን እንዳለ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ማገድና ለመተግበሪያው ማመልከት የሚከተለው ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ነው።

ገንዘብ ካልላካችሁ እለቀዋለሁ የሚል ካለ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምስል እንዳይሰራጭ «ቴይክ ኢት ዳውን» (Take It Down) የተባለ ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉን ለማንም ሳይልኩ፣ ከስልኩ ላይ የምስሉን የቁጥር አሻራ ብቻ ወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን ለመሳሰሉት ያሳውቃል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ ማባበልን፣ እንዲህ ያለ የልጅ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ «ልጄን በስልክ አስቸገሩብኝ» ብቻ ሳይሆን የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰው ያመልክቱ፤ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አብሮዎት እንዲቆም ይጠይቁ። ልጁን በየቢሮው ደጋግመው አያናግሩት፤ አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ የነገረዎትን በራሱ ቃል ጽፈው ይያዙ።

በየወሩ የሚታይ

ስልኩ አፕዴት ሲያደርግ ወይም ከአካውንት ወጥተው ሲገቡ አንዳንድ ቅንብር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ አሥር ደቂቃ ወስደው እነዚህን ይዩ፦ ሪስትሪክትድ ሞድ በሁሉም ስልኮችና በቴሌቪዥኑ ላይ በርቷል ወይ፤ አውቶፕሌይ ጠፍቷል ወይ፤ ፕራይቬት ዲኤንኤሱ ላይ የጻፉት ስም አለ ወይ፤ እርስዎ ያልጫኑት አዲስ መተግበሪያ፣ በተለይ ቪፒኤን፣ መጥቷል ወይ። የዩቲዩቡን ታሪክ ደግሞ ከልጁ ጋር ሆነው ይክፈቱትና የወደደውን ይጠይቁት። ታሪኩ ባዶ ከሆነ፣ ያጠፋው ልጁ ይሁን ታላቁ አስቀድመው ይወቁ።